መርዶ ከሽማግሌ ቀደመ፦ የማኅበራችን ድረ ገጽ ላይ ያስገባሁትን የዜና ፊድ እንዴት ላስተካክለው?

ጦሳ ሥር (ጥያቄ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። የተወለድኩት ሐይቅ ነው። የሐይቅና የዙሪያዋ ተወላጆች መረዳጃ ማኅበር አለን፤ ከሁለት ዓመት በፊት "ድረ ገጽ ይኑረን" ሲባል ሥራው ለእኔ ተሰጠኝና በዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው) ሠራሁት። ከአባላቱ ግማሹ እዚሁ ሐይቅና ደሴ ነው፤ የቀረው ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት። ገጹ ላይ የሚወጣው መዋጮ፣ የታመመ ሰው፣ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ለተማሪዎች ደብተር የተገዛበት ደረሰኝ ነው። በሳምንት አንድ ማስታወቂያ ቢወጣ ነው። ስለዚህ ሰው በወር አንዴ ገባ ብሎ ይወጣ ነበር።

ዜና ቢኖርበት ሰው በየቀኑ ይከፍተዋል ብዬ አሰብኩ። አባቴም ገፋፋኝ። ዓይኑ ደክሟል፤ በስልክ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው መዝለል አይሆንለትም። "ሁሉንም አንድ ቦታ ብታደርጊልኝ" አለኝ። የዎርድፕረስን የአርኤስኤስ ብሎክ፣ ማለትም የሌላ ገጽ አዳዲስ ርዕሶችን (ፊዱን) በራሱ እያመጣ የሚያሳየውን ሣጥን፣ ሦስት ጊዜ የፊት ገጹ ላይ፣ ከማኅበሩ ማስታወቂያ ጎን ጎን አስቀመጥኩ፤ አንዱን ለቢቢሲ አማርኛ፣ አንዱን ለዶቼ ቬለ አማርኛ፣ አንዱን ለአንድ የአገር ውስጥ የዜና ገጽ። አድራሻውን መለጠፍ ብቻ ነው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። በእውነት ደስ አለኝ። የሚገባው ሰው ወዲያው ጨመረ። አባቴ በየማታው ከመግሪብ በኋላ መነጽሩን አድርጎ ይቀመጥና ርዕሶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ያነብልናል።

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእኛ አቅጣጫ ሚኒባስ ተገለበጠ። ከሟቾቹ አንዷ የአባላችን እናት ነበሩ። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። አባቴና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ማታውኑ ተቀመጡ። አክስቷ እዚያው ጅዳ ስላሉ፣ ዓርብም ዕረፍቷ ስለሆነ፣ በማለዳ የአገር ልጆችን ሰብስበው ሄደው እንዲያረዷት ተስማሙ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ስትወድቅ የሚይዝ እጅ ባለበት።

ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት። ወጥ ቤት ቆማ መዋጮዋ መመዝገቡን ለማየት የማኅበሩን ገጽ ስትከፍት ከማስታወቂያው ጎን የአደጋውን ርዕስ አየችው። የቦታው ስምና የሟቾቹ ቁጥር አለበት። እናቷ በዚያ ቀን በዚያ መንገድ እንደሚሄዱ ነግረዋታል፤ አሁን ስልካቸው አይነሳም። የእኔ ቁጥር ገጹ ግርጌ ላይ ስላለ ለእኔ ደወለች። "እማዬ ናት ወይ?" አለችኝ። ልዋሻት አልቻልኩም፤ ልነግራትም አልቻልኩም። ዝም ስል ገባት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ምንጩ የሟቾቹን ቁጥር ቀንሶ ርዕሱን አስተካከለው። የእኛ ገጽ ላይ ግን ያው የመጀመሪያው ርዕስ ቆሞ ቀረ። ገጹን ደጋግሜ ባድሰውም ንቅንቅ አላለም። እኩለ ሌሊት ሲሆን ሦስቱንም ብሎኮች ነቅዬ ጣልኳቸው።

ማንም አልተቆጣኝም። አባቴ "የአላህ ውሳኔ ነው፣ አንቺ አልገለበጥሽው" ነው ያለኝ። እኔ ግን ያ "እማዬ ናት ወይ" የሚለው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። አሁን አባላቱ "ዜናው የት ሄደ?" እያሉ ይጠይቁኛል፤ መልሼ ማስገባትም እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለውን ርዕስ ከእኛ አንድ ሰው ቀድሞ ሳያየው ገጹ ላይ እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል? በቃል ማጣራትስ? ርዕሱ ሲስተካከል የእኛ ለምን አልተስተካከለም?

ሁለት ትናንሽ ነገሮችም አሉኝ። ከርዕሱ ሥር የሚመጣውን ማብራሪያ ለማሳጠር ከኢንተርኔት ያገኘሁትን አንድ ኮድ አስገብቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የአንዳንዱ ዜና መጨረሻ ላይ ጥቁር አልማዝ መሳይ ውስጡ የጥያቄ ምልክት ያለበት ነገር ይመጣል። ቀኑም የፈረንጅ ነው፤ አባቴ ሁልጊዜ "ይሄ ስንተኛው ቀን ነው?" ይለኛል።


ቦርከና

እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ለልጅቷም ለአንቺም መጽናናቱን ይስጣችሁ። ያለሁት ኮምቦልቻ ነው፤ ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክሜያለሁ። አብሽሪ፣ ሁሉም መላ አለው።

ርዕሱ ያልተለወጠው በአንቺ ጥፋት አይደለም። ዎርድፕረስ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ወደ ምንጩ አይሄድም። አንዴ ያመጣውን ፊድ ለ12 ሰዓት፣ ማለትም ለ43,200 ሰከንድ፣ አስቀምጦ እሱኑ ያሳያል። አንቺ ስታድሺ የምታዪው ያንኑ የተቀመጠውን ቅጂ ነበር። ጊዜውን በአንድ መስመር ኮድ ማሳጠር ይቻላል፤ "ደብሊውፒ ፊድ ካሽ ትራንዚየንት ላይፍታይም" የሚባለውን ፊልተር ፈልጊና 3,600 ሰከንድ አድርጊው፣ 1 ሰዓት ይሆናል። ኮዱን የኮድ መጨመሪያ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ውስጥ አስገቢው እንጂ የቴሙን (የገጹን መልክ የሚወስነውን) ፋይል አትንኪ፤ ቴሙ በታደሰ ቁጥር ይጠፋብሻል። ከ1 ሰዓት በታችም አታውርጂው፤ ጊዜው ባለቀ ቁጥር ቀድሞ የገባው ሰው ፊዱ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ምንጩም በየደቂቃው የሚያንኳኳበትን ሰርቨር ሊዘጋበት ይችላል። የገጽ ካሽ ፕለጊን ካለሽ እሱም የራሱን ቅጂ ስለሚይዝ ማጽዳትሽን አትርሺ።

ግን ይህ ብቻውን ያንቺን ችግር አይፈታም። ፊዱን ፈጣን ብታደርጊው ኖሮ ያ ርዕስ ለልጅቷ ይበልጥ ቀድሞ ይደርሳት ነበር። መለወጥ ያለበት ርዕሱ የሚገባበት መንገድ ነው።

የአርኤስኤስ ብሎክ መስኮት ማለት ነው። ጎረቤት ግቢው ውስጥ የሰቀለው ሁሉ በአንቺ መስኮት በኩል ይታያል፤ አንቺ የምትመርጪው መስኮቱን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። በዚያ ፋንታ ፊዱን ወደ ራስሽ ፖስት የሚቀይር ፕለጊን ተጠቀሚ። ፊድዚ አለ፣ ደብሊውፒ አርኤስኤስ አግሪጌተር አለ። እነዚህ እያንዳንዱን ዜና እንደ ፖስት ያስገቡልሻል። ሲያስገቡም ሁኔታውን "ድራፍት" (ረቂቅ) አድርጊው፤ "ፐብሊሽ" አይሁን። ያኔ ርዕሱ ዳሽቦርድሽ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ አንድም ጎብኚ አያየውም። አንቺ ወይም የምታምኚው ሰው አይቶ ሲያጸድቀው ብቻ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። አብዛኞቹ ፕለጊኖች አንዴ ያስገቡትን ፖስት ምንጩ ሲያስተካክለው አብረው አያስተካክሉትም። ድራፍቱ የሚያመጣልሽ የመጀመሪያውን ርዕስ ነው። ቁጥር ያለበትን ዜና ከማውጣትሽ በፊት ሊንኩን ከፍተሽ ምንጩ አሁን ምን እንደሚል እዪ።

በቃል ማጣራት ላልሽው፣ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን በሚከፈልበት እትም ውስጥ ነው። እኔ ለአንድ ደንበኛ የወሎን ዜና ብቻ የሚለይ ማጣሪያ ስሠራ አንድ ወር ያህል ታግያለሁ። በአማርኛ እንዲህ ቀላል አይደለም። "ደሴ" የሚለውን ሰጠሁት፤ "ደሴት" ያለበትን ዜና ሁሉ ለቅሞ አመጣልኝ። "ወሎ" ስለው አዲስ አበባ ያለው ወሎ ሰፈር ይመጣል። "ኮምቦልቻ" ስለው የሐረርጌው ኮምቦልቻ ይገባል። የእናንተ ሐይቅማ ከሁሉም የከፋ ነው፦ የጣና ሐይቅም ሐይቅ ነው፣ የሐዋሳም ሐይቅ ነው። አጻጻፉም ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ እየሆነ ይመጣል፤ ለማሽኑ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ወልድያና ወልዲያም እንደዚያው።

የሞት ዜናን ለመያዝ ደግሞ ይብሳል። ሞተ፣ ሞቱ፣ ሟቾች፣ ሙታን እያለ ሥሩ ራሱ ይለዋወጣል። "ሞ" ብለሽ ብታጠምጂ "ሟ" ያመልጥሻል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጋዜጠኛው "ሕይወታቸው አለፈ" ነው የሚለው፤ እሱንም አንዱ ሕይወት፣ አንዱ ህይወት ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ ማጣሪያውን ዳኛ አታድርጊው። ረዳት ይሁንሽ፤ አደጋ፣ ሟቾች፣ ሕይወት የመሳሰሉትን በየአጻጻፋቸው ስጪውና ያገኘውን ለብቻው ምድብ ውስጥ እንዲያስቀምጥልሽ አድርጊ። የመጨረሻው ዓይን የሰው ይሁን።

የጥቁሩ አልማዝ ነገር እንዲህ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጥበት ዘዴ ነው) 3 ባይት ይይዛል። ያስገባሽው ኮድ የተጻፈው ለላቲን ፊደል ነው፤ እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ "150 ባይት ላይ ቁረጥ" ቢባል ችግር የለውም። የእኛን ሲቆርጥ ግን ፊደሉን ከወገቡ ይቆርጠዋል፤ ያ አልማዝ የግማሽ ፊደል ሬሳ ነው። ኮዱን አውጪው። የብሎኩ የራሱ ሴቲንግ ማብራሪያውን በቃላት ብዛት ስለሚቆርጥ ችግር አያመጣም። ለወደፊቱም ለይተሽ እንድታውቂው፦ ባዶ ሳጥን ካየሽ ስልኩ የግእዝ ፎንት የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይጫንበት። የተደረደረ የጥያቄ ምልክት ካየሽ ዳታቤዙ ግእዝን በማይዝ ኮድ ነው የተከፈተው። እንግዳ የፈረንጅ ፊደላት ከተዝረከረኩ ደግሞ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ አንባቢው በተሳሳተ ኮድ እያነበበው ነው።

ሁልጊዜ የሚገርመኝን ነገር ላንሳ። አርኤስኤስ በፈረንጅ 1999 በብራውዘር ሠሪው በኔትስኬፕ ተወለደ፤ የእኛ ፊደልም ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ የገባው በዚያው በ1999 ነው፣ በ3.0 እትም። እኩያሞች ናቸው። ግን እኩዮቹን አብሮ ለማሠራት አሁንም በየገጹ እንዲህ ስንደክም እንውላለን።

ቀኑን በተመለከተ፣ ቀላሉ ከብሎኩ ሴቲንግ ውስጥ ቀን ማሳያውን ማጥፋት ነው። ለአባትሽ ግን እንዲህ አትበይ። ዘመናዊ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያውቁታል፤ በጃቫስክሪፕት የቀን ማሳያው ላይ ካሌንደሩን "ኢትዮፒክ" ብለሽ ብትሰጪው ጳጉሜንን ጨምሮ አስተካክሎ ያወጣዋል። ሰዓትም ካሳየሽ ተጠንቀቂ፤ ፊዱ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የግሪንዊች ሰዓት ነው። እዚያ 06:00 የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር እዚህ 9:00 ነው፤ አባትሽ የሚያውቁት ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብለው ነው። ኮዱን እጽፍልሻለሁ፤ ቴምሽ ምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።


ከባሕር ማዶ

እህቴ ጦሳ ሥር፣ ጽሑፍሽን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አነበብኩትና እንባዬን መያዝ አቃተኝ። እኔም ጅዳ ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ። አባቴ ሲሞት እኔም እንዲሁ በስልክ ነው ያየሁት፤ አንድ የአገሬ ልጅ ፎቶውን "ነፍስ ይማር" ብሎ ለጥፎት። እስከ ዛሬ ያን ልጅ አልተቀየምኩትም፤ ያ ቀን ግን ሁለት ጊዜ ነው የገደለኝ።

ቴክኒኩን ወንድማችን ቦርከና ነግሮሻል። እኔ የምነግርሽ ከሚያነበው ሰው ወገን ነው። ዜናውን አታጥፊው። እኛ እዚህ ስንሆን አገር ውስጥ ምን እንዳለ የምናየው በዚያች በስልክ መስኮት ነው። ግን የምንፈልገው የትኛውን ዜና እንደሆነ ጠይቂን። ዝናብ ጣለ ወይ? የጤፍና የዘይት ዋጋ ስንት ገባ? መንገዱ ክፍት ነው ወይ? የትምህርት ቤት ምዝገባ መቼ ነው? እናቴ ስደውልላት "ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ" ብቻ ነው የምትለኝ፤ የሚያስጨንቀኝን አትነግረኝም። ስለዚህ የአገሬን ሁኔታ የምረዳው ከእነዚህ ትናንሽ ዜናዎች ነው።

ሁለተኛ፣ ከመዋጮው ጎን አታድርጊው። የማኅበሩን ገጽ ስከፍት ልቤ ክፍት ነው፤ ቤተሰብ ቤት የገባሁ ያህል ነው። ዜና ላንብብ ብዬ ስገባ ግን ራሴን አዘጋጅቼ ነው የምገባው። "ዜና" የሚል ለብቻው በር ይኑረው። የፈለገ ይጫነውና ይግባ።

ሦስተኛ፣ ፎቶ አታስገቢ። የምንጠቀመው ዳታ የተቆጠረ ነው፤ አሠሪ ቤት ሆነን ደግሞ የደም ፎቶ ድንገት ስልካችን ላይ ቢወጣ አስቢው። ሰዓትም ተመልከቺ። የእኛና የእናንተ ሰዓት አንድ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አብዛኞቻችን ብቻችንን ነን፤ ክፍላችን ተዘግቶ፣ ከስልክ በቀር ሰው በሌለበት። የከበደ ዜና በዚያ ሰዓት አታውጪ።


ላስታ

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ላሊበላ ነው የምኖረው። የአንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብን ገጽ በጉግል ሳይትስ እረዳለሁ። እዚያ የአርኤስኤስ ብሎክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ፊዱን ተቀብሎ ወደ ሚለጠፍ ሣጥን የሚቀይር አንድ ነፃ አገልግሎት አገኘንና የሰጠንን ኮድ ገጹ ላይ አስገባነው። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ከዜናው ሥር የቁማር ማስታወቂያ መጣ። የልጆች ገጽ ላይ! ወላጅ ደውሎ ነው የነገረኝ። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር አልረሳውም። በነፃ የሚሰጥ ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወስነው ባለ ሣጥኑ ነው፤ በዎርድፕረስ ያለሽ ሰው ይህን መንገድ አትሞክሪው።

አሁን የምናደርገውን ልንገርሽ። ሣጥኑን አንሥተን ሥራውን ለተማሪዎቹ ሰጠናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ሦስት ልጆች የሳምንቱን ርዕሶች ያነቡና አምስት ይመርጣሉ። ለእያንዳንዱ በራሳቸው አማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፉና የምንጩን ሊንክ ከሥሩ ያደርጋሉ። ሊንኩ የግድ ነው። ሙሉ ጽሑፉን ገልብጦ መለጠፍ የሰው ድካም መውሰድ ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግም አለ፣ ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ያነበብኩላቸው እሱን ነው። አዎ፣ ዜናችን ያረጀ ነው። ግን አምስቱን ለመምረጥ ልጆቹ የሚከራከሩትን ክርክር ብትሰሚ! ባለፈው "የዋጋ ግሽበት" የሚለውን በራሳቸው ቃል ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። እኔ ለዚህ ስል ፈጣን ዜናን ትቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶቼ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በፈረንጅ 1965 ነው፤ ሬዲዮ በእኛ ቤት የነበረውን ክብር አስታውሳለሁ። ማታ ሲከፈት ሁሉም ዝም ይላል። የከበደ ወሬ ሲመጣ ግን እናቴ እንግዳ መኖሩን፣ ልጅ መኖሩን፣ ያ አገር የማን ዘመድ ያለበት እንደሆነ አይታ ድምፁን ትቀንሰዋለች። ሬዲዮኑ አያውቅም፤ እናቴ ታውቃለች። በአንቺ ገጽ ላይም ያ ድምፅ መቀነሻ በሰው እጅ ይሁን።


ጦሳ ሥር

ጋሼ ላስታ፣ ወንድሜ ቦርከና፣ እህቴ ከባሕር ማዶ፣ አላህ ይስጥልኝ። እህቴ፣ የአባትሽን ነገር ሳነብ ሱቁን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥኩ። አላህ ይማራቸው።

ብዙውን አድርጌዋለሁ። ዜናው ከፊት ገጹ ወጥቶ የራሱ ገጽ አግኝቷል። ፊድዚን አስገብቼ ሁሉም በድራፍት እንዲገባ አደረግኩ። ያን ኮድ አወጣሁት፤ አልማዙ ጠፋ። ፎቶም አጠፋሁ፣ ገጹ ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ይከፈታል። ቦርከና በላከልኝ ኮድ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መጣ፤ አባቴ የመጀመሪያው ምሽት ላይ "ጥቅምት 12" ብሎ ጮክ ብሎ አንብቦ ወደ እኔ ዞር አለ። ምንም አላለም፤ ግን ደስ እንዳለው ከዓይኑ አወቅሁ።

ለብቻዬ አልችለውም ብዬ ሦስት ሰው አደረግን። እኔ፣ ሐይቅ ያለ አንድ መምህር፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ጅዳ ያለች አባል። ለሁለቱም የኤዲተር መግቢያ ሰጠኋቸው። ለአደጋና ለሞት ዜና ግን አንድ ተጨማሪ ስምምነት አለን፦ የአካባቢያችን ስም ያለበት ከሆነ ከሦስታችን ማናችንም ብቻችንን አናወጣውም፤ መጀመሪያ ለአባቴ ወይም ለማኅበሩ ሰብሳቢ ይደወላል፣ መርዶ የሚነገረው ቤተሰብ ካለ ተነግሮት እስኪያበቃ ይቆያል።

የቀረኝ አንድ ችግር ነው። ድራፍቶቹ በጊዜያቸው አይመጡም። ሌሊት የወጣ ዜና ጠዋት ላይ በአንድ ጊዜ ይግተለተላል፤ አንዳንድ ቀን እስከ ረፋድ ምንም የለም። ሴቲንጉ ላይ "በየሰዓቱ" ነው ያልኩት።


ቦርከና

ይህ የዎርድፕረስ ጠባይ ነው። የራሱ ሰዓት ቆጣሪ የለውም፤ በጊዜ የተቀጠረ ሥራ የሚሠራው ሰው ገጹን ሲከፍት ብቻ ነው። ሌሊት ማንም ካልገባ ሥራው ሳይሠራ ያድራል፤ ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ሲገባ የተጠራቀመው ይነሣል። የሆስቲንግሽ (ገጽሽን የሚያኖረው ድርጅት) መቆጣጠሪያ በሆነው ሲፓነል ውስጥ "ክሮን ጆብ" (በቀጠሮ የሚሠራ ሥራ) የሚል አለ፤ እዚያ የገጽሽን ክሮን ፋይል በየ30 ደቂቃው እንዲጠራ አድርጊው፣ በዎርድፕረሱ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ደግሞ የራሱን ክሮን ዝጊው። ካልሆነልሽ ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ፤ ሱቅሽ መጥቼ አብረን እናየዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ፤ የአገር ውስጡ የዜና ገጽ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ ሁሉንም ዜና መቀበል የለብሽም። የግብርናውን ወይም የኢኮኖሚውን ምድብ ክፈቺና ከአድራሻው መጨረሻ "ፊድ" የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጨምሪበት፤ የዚያ ምድብ ዜና ብቻ ይመጣልሻል። እህታችን ከጅዳ የጠየቀችው የጤፍ ዋጋና የዝናብ ነገር ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው። የራስሽ ገጽም በዚሁ መንገድ ፊድ ይሰጣል፤ የማኅበሩን ማስታወቂያ ብቻ መከታተል የሚፈልግ አባል የፊድ ማንበቢያ አፕ ካለው ገጹን ሳይከፍት ይደርሰዋል።


ከባሕር ማዶ

የማስታወቂያው ፊድ የሚለውን ወደድኩት። እኔም የእናንተ አባል ባልሆንም የሠፈሬን ማኅበር ሰዎች ላስነብባቸው ነው። ያቺ ልጅስ እንዴት ናት?


ጦሳ ሥር

ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ለአርባው መምጣት አልቻለችም፤ እዚህ ሰደቃው ሲወጣ በቪዲዮ አሳየናት። ስለ ዜናው ነገር ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝና "ገጹን አትዝጊው፣ እማዬ ስለ አገሩ ሁሉ ትነግረኝ ነበር፣ አሁን የሚነግረኝ የለም" አለችኝ። ጅዳ ያለችው ሦስተኛዋ አጽዳቂያችን እሷ ናት። ራሷ ነች የጠየቀችኝ።

ክሮኑ ተስተካክሏል፤ ቦርከና ቅዳሜ መጥቶ ነበር፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሠርቶት ሄደ። አሁን ማታ 1 ሰዓት ነው። ድራፍት ውስጥ 9 ርዕስ አለ። አንዱ የወረዳችን ስም ስላለበት ማጣሪያው ለብቻው አስቀምጦታል። ከፍቼ አነበብኩት፤ የመስኖ ሥራ ነው። እሱን አጸደቅኩት።